ጋንቾው ምን ሲስብ ኖረ?

ገነተ ማርያም ላይ አምስት አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ወልድያ ላይ ለጨረታ የቀረበች አንዲት ያገለገለች ስቴሽን ዋገን ሊገዙ አስበዋል። መኪናዋ ከኋላዋ ተሳቢ የሚታሰርበት ጋንቾ አላት። ከአምስቱ አንዱ አስጎብኚ ነው። አጎቱ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ «አይሆንም» ብለዋል። ሁለቱም ሙግታቸውን በጽሑፍ እንዲያደርጉት ጠየቅናቸው።

ትገዛ

አጎቴ፣ አንቱ «ልጁ መኪና አማረው» ብለው እንደሚጀምሩ ስለማውቅ እኔ ከቃሬዛ ልጀምር። ባለፈው ክረምት ምጥ የጠናባትን ጎረቤታችንን ስምንት ሰው እየተፈራረቅን በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ አወጣናት። ከዚያ ወዲያ የቀረን መቆም ብቻ ነበር። ጨለማ፣ ጭቃ፣ ካፊያ። መጀመሪያ የመጣው መኪና እስከ አፉ ጭኖ ስለነበር አልፎን ሄደ። ሁለተኛው እስኪመጣ ሊነጋ ምንም አልቀረው። እናትም ልጅም በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። እኔ ግን ከመሸከሙ ይልቅ ያ መቆም ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ላስረዳ። በጨረታ ማስታወቂያ «ስቴሽን ዋገን» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የከተማ አውቶሞቢል ማለት አይደለም፤ መሥሪያ ቤትና የእርዳታ ድርጅት ሲገለገልበት የኖረ ላንድክሩዘር ነው። ያየናትም እሷን ነው፦ በ1990ዎቹ የተሠራች ባለ 105 ሞዴል። ሞተሯ «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የላት፣ ኮምፒዩተር የላት። የተበላሸውን የሚነግራችሁ ጆሮ ነው እንጂ ላፕቶፕ አይደለም፤ ለእኛ አገር መካኒክ ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ?

«ለምን አሮጌ?» ለሚል ደግሞ፣ አዲሱን ማን ያስገባልናል? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። የኤሌክትሪኩን አልጠላሁም። ነገር ግን መብራት ሄዶ በሚያድርበት ሰፈር ወላድ ይዤ ቻርጅ እስኪሞላ አልጠብቅም። የቀረን አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ነው፤ እሱም በየዓመቱ እየተወደደ ነው የሚሄደው።

አሁን ወደ ጋንቾው። የእኛ ኑሮ ሁለት መልክ አለው። ታኅሣሥ ሲመጣ ለገና ላሊበላ የወረደው እንግዳ ገነተ ማርያምንም ማየት ይፈልጋል። ይኩኖ አምላክ አሠራት የምትባለውን፣ ከአንድ ዐለት ተፈልፍላ በዓምዶች የተከበበችውን ቤተ ክርስቲያን ሳያይ የሚመለስ እንግዳ ያሳዝነኛል። እሱን ፒካፕ ላይ ከድንች ጆንያ ጋር አላስቀምጠውም። ቅዳሜ ደግሞ የላሊበላ ገበያ ነው፤ ያኔ ድንቹም፣ ገብሱም፣ አጣናውም አለ። ተሳቢ ካለን ቅዳሜ እናስራለን፣ እሑድ እንፈታለን። አንዲት መኪና በአንድ ጋንቾ ሁለት መኪና ትሆናለች። ሂሳቡንም ሠርቻለሁ። በአውሮፓ ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ማለፍ የለበትም። የምናሠራው ተሳቢ ባዶውን 200 ኪሎ ቢመዝን፣ 5 ኩንታል ቢጫንበት 700 ነው። 50 ኪሎ ይተርፈናል።

አትገዛ

የእህቴ ልጅ፣ የቃሬዛውን ነገር አልሟገትህም። ከስምንቱ አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ትከሻዬ አሁንም ይነግረኛል። ግን ልብ በል፣ ያችን ሴት ያደረሳት መኪና ነው እንጂ ጋንቾ አይደለም። አንተ በወላዲቱ ጀምረህ በድንች ጨረስህ።

በ77 የኤን ትሬ ረዳት ነበርሁ፤ የፊያቱ 682 ማለቴ ነው፣ ተሳቢ ያለው። የእርዳታ እህል ወደ ወሎ እናመላልስ ነበር። የእኔ ሥራ ታኮ መያዝ ነው። ሹፌሩ ዳገት ላይ ሲቆም በሩን ከፍቼ እዘላለሁ፣ ታኮውን ከጎማው ሥር እወሽቃለሁ፤ ሲነሳ ታኮውን መንጥቄ እሮጣለሁ። ዳገቱ ግን አላስፈራኝም። ዳገት ላይ የሚመጣው ነገር ቢበዛ መቆም ነው። ያስፈራኝ የነበረው ቁልቁለቱ ነው፦ የዋናው መኪና ጎማ ይዞ ሳለ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋህ በወገብህ ይሰማሃል። ሹፌሬ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። ከእሱ የቀረ መንጃ ፈቃድ የለኝም።

አንተ የጻፍኸው 750 ኪሎ ለሜዳ የተጻፈ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ለሁሉም ነው። ግን ያንን ቁጥር የሚያከብር አገር ሚዛንም ፖሊስም መንገድም አለው። ላሊበላ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። 130 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪናህ ላሊበላ ላይ መቶ ናት ማለት ነው። ወደ አቡነ ዮሴፍ በኩል ስትወጣማ ከዚያም ታንሳለች። ስለዚህ በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸች ትወጣለች፣ ራዲያተሯ ይፈላል፣ ፍሪሲዮኗ ይሸታል። ስትወርድ ደግሞ ፍሬኑ ይግላል፤ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያኔ «50 ኪሎ ይተርፈናል» ብለህ ለማን ትናገራለህ?

እሺ 50 ኪሎውስ የት ይተርፋል? ላስታ ውስጥ «ሞልቷል» ተብሎ የተመለሰ ጆንያ እስከ ዛሬ አላየሁም። 5 ኩንታል ያልኸው ለገና ሰሞን ዘጠኝ ይሆናል። አንዷ አክስትህ ናት፣ አንደኛው የክርስትና አባትህ ነው፣ ካህኑ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይልካሉ። የትኛውን ትመልሳለህ?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሻጭ ጋንቾን እንደ ጌጥ ያሳይሃል። እኔ ጋንቾ ሳይ የማስበው «ይህ ምን ሲስብ ኖረ?» ብዬ ነው። ጄኔሬተር? የውሃ ታንከር? ወይስ ጭቃ የያዘውን መኪና ሁሉ? መኪና ታሪኳን ሻንሲዋ ላይ ትጽፋለች። ከሥሯ ግባና የጋንቾውን ብሎኖች ተመልከት። ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው እንደ እንቁላል ከሞለለ ብዙ ተጎትቷል። በዙሪያው ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ካለ፣ ሥሩ ብየዳ አለ ብለህ ጀምር። በመዶሻ መታ መታ አድርግ፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የዛገ ይደነዝዛል። የመብራቱን ሶኬት ክፈተው። አረንጓዴ ዝገት ከበላው ለዓመታት ማንም አልሰካበትም፤ ሳይሰኩ ሲጎትቱበት ኖረው እንደሁ ግን የሚነግርህ ሶኬቱ አይደለም፣ ፍሪሲዮኑ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ጮሆ ጮሆ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የዲፈረንሻሉን ዘይት በጣትህ ዳሰው፤ የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ተዋት።

ወረቀቱንም አትርሳ። የድርጅት መኪና ብዙ ጊዜ ያለ ቀረጥ የገባ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ «ቀረጥ ያልተከፈለበት» የሚል ካለ ጨረታ ያሸነፍህበት ዋጋ ገና ጅምሩ ነው፣ ቀረጡ በላዩ ይመጣል። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስህ አስተያይ። ተሳቢም የራሱ ታርጋ እንዳለው ዕወቅ፤ ብየዳ ቤት ያሠራኸው ጋሪ በሊብሬህ አይሄድም።

ደግሞ ዞር እንበል ብትሉ እንዴት ትዞራላችሁ? ረጅም ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ በዝግታ ነው የሚታጠፈው፣ ጊዜ ይሰጥሃል። አጭሩ ግን መሪውን ገና ስትነካው ይጠማዘዛል። በእኛ ጠባብ መንገድ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ከፊት አይሱዙ መጥቶብህ ወደ ኋላ ሂድ ስትባል ያኔ ትናፍቀኛለህ።

መኪና ግዙ። ጭነት ካላችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሱዙ ተከራዩ፤ አለዚያም ፒካፕ ይሁን፣ ጭነቱ ከጎማዎቹ ላይ ይቀመጣል፣ የሚገፋህ ነገር የለም። በቅሎዎቹንም አትሽጡ።

የእህት ልጅ መልስ

አንቱ አይሱዙ ይላሉ። አይሱዙው ለ5 ኩንታል ብሎ እኛ ዘንድ አይመጣም፤ ሲሞላለት ነው የሚመጣው፣ እስኪሞላለት ድንቹ ያቆጠቁጣል። ለፒካፑም መልስ ሰጥቻለሁ።

የቁልቁለቱን ነገር ግን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ግፊት ፍሬን ያለው ተሳቢ ይሠራ፦ ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ የገዛ ግፊቱ ጋንቾው ጋ ያለውን ዘንግ ይጫነዋል፣ ዘንጉ የተሳቢውን ጎማ ያስይዛል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም፣ ሌላ አገር ብዙ የቤተሰብ መኪና የሚስበው በዚህ ነው። ጭነቱን ትንሽ ወደ ፊት አድርገን ከክብደቱ አሥር በመቶ ገደማ ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ እናደርጋለን፤ ወደ ኋላ ከተጫነ ተሳቢው እንደ እባብ እንደሚሄድ አንብቤያለሁ። ለጆንያው ጉዳይ ከተሳቢው ጎን ቀይ መስመር እናሰምርበታለን። አክስቴን የሚመልሳት መስመሩ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን ረስተዋል። ክረምት ላይ ሌላው መኪና ጭቃ ሲይዘው ጋንቾ ያለው ነው ጎትቶ የሚያወጣው።

የአጎት መልስ

እሱን አልረሳሁትም፣ ሆን ብዬ ነው የተውሁት፤ አንተው ታነሳዋለህ ብዬ። የጋንቾዋ ኳስ ረጋ ብሎ ለሚሳብ ነገር የተሠራች ናት። ጭቃ ለያዘው መኪና ገመድ አስረህ ተንደርድረህ ከነጠቅኸው ኳሷ ከሥሯ ልትቆረጥ ትችላለች። ከተቆረጠች ገመዱ እንደ ወንጭፍ ይዟት ይሄዳል፣ የሚያርፈውም መሪ የያዘው ሰው ላይ ነው። ለማውጣት ሻንሲው ላይ ሌላ መያዣ አለ። ይህንን ካላወቅህ ገና ተሳቢ ለመሳብ አልደረስህም።

ግፊት ፍሬኑ ጥሩ ሐሳብ ነው። ብየዳ ቤቱ ይሠራው እንደሁ እንጃ፤ ሠርቶ ካሳየህ ባዶውን ቁልቁል አብሬህ እወርዳለሁ። ስለ ቀይ መስመሩ ምንም አልልም። እህቴን አውቃታለሁ፣ መስመር አያቆማትም።

ገንዘቤን አላዋጣም፣ ይህ አይለወጥም። ሰኞ ግን ወልድያ እመጣለሁ። ከሥሯ የምገባው እኔ ነኝ፤ አንተ መዶሻና ባትሪ ያዝ። የጨረታ ማስያዣውን ሲፒኦ እኔ ከሥሯ እስክወጣ ድረስ እንዳታስገባ።