የጋባዡ ፊርማ ምን ይፈይዳል? ግልጽ ደብዳቤ ለጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን የምጽፍልዎት ለእናቴ የጥሪ ደብዳቤ በማዘጋጅበት ሰሞን ነው። እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። በአገራችን ልማድ አራስን የምታርሰው እናቷ ናትና፣ ስወልድ አጠገቤ እንድትሆን እጠራታለሁ። ደብዳቤውን በይፋ ያደረግሁት በፍራንክፈርትም በሙኒክም ወላጁን የሚጠራ ሐበሻ ሁሉ መልስዎን ስለሚጠብቅ ነው።

መንግሥትዎ ከጋባዥ የሚጠይቀው ቀላል አይደለም። ዝምድናችንን፣ የምትመጣበትንና የምትመለስበትን ቀን፣ የምታርፍበትን አድራሻ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የደመወዝ ወረቀትና የቤት ኪራይ ውል ይዤ የውጭ ዜጎች ቢሮ እቀርባለሁ፤ 29 ዩሮ ከፍዬ እዚህ ‹ፈርፍሊሽቱንግ› የምንለውን የዋስትና ሰነድ እፈርማለሁ። ለኑሮዋ፣ ለሕክምናዋ፣ በግድ ትመለስ ቢባል እንኳ ለመጓጓዣዋ መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ከእኔ ይጠየቃል፤ ኃላፊነቱም እስከ 5 ዓመት ሊከተለኝ ይችላል። እሷ ደግሞ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ ኢንሹራንስ ትገዛለች፤ ብትከለከልም የማይመለሰውን 90 ዩሮ ትከፍላለች። ይህን ሁሉ እንፈጽማለን፤ ቅሬታም የለንም።

ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዋስትናዬን ተቀብሎ ያስፈረመኝ መንግሥት እናቴን ቪዛ ቢከለክላት ምን ብሎ ይመልስላታል? የሸንገን የክልከላ ቅጽ የታወቀ ነው፤ ቪዛው ሳያልቅ ለመውጣቷ ጥርጣሬ አለ የሚለው መስመር አጠገብ ምልክት ይደረጋል። ጥርጣሬው ከምን መጣ? ከዕድሜዋ? ከባንክ ደብተሯ? ባሏ የሞተባት ከመሆኗ? የራሷ ቤትና ጡረታ፣ ለዓመታት የከፈለችበት ዕድር፣ በየወሩ ተራ የምታወጣበት ማኅበር ወደ አገሯ የሚመልሷት ገመዶች ናቸው። እነዚህን ማን ይቆጥርላታል?

ቀድሞ ቪዛ የተከለከለ ሰው ማመልከቻው በድጋሚ እንዲታይለት ለከለከለው ኤምባሲ በነፃ መጻፍ ይችል ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ይህን በር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመላው ዓለም ዘጋው። ሠራተኞች ፋታ ሲያገኙ ብዙ ማመልከቻ በፍጥነት ይታያል ብላችሁ ነበር። ፈጠነ ወይ፣ ክቡር ሚኒስትር? ከፈጠነ የአዲስ አበባውን ቁጥር ለምን በይፋ አያሳዩንም? አሁን ውሳኔውን ለመቃወም የቀረው በርሊን ላይ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ልጇን ልታርስ የተነሣች ጡረተኛ በማታውቀው ቋንቋ መንግሥትዎን ትክሰስ?

በዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የ15 ቀኑን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 አሳድጎታል። ምክንያቱ መንግሥታችን ተመላሾችን በመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። ወንድ ልጅ በእምነታችን በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ያመለከተች አያት መልሱ ሳይደርሳት ክርስትናው ሊያልፍ ይችላል። መንግሥታት ባልተስማሙበት ጉዳይ አያቶች ለምን ይቀጣሉ? ጀርመን በዚያ ምክር ቤት ድምፅ አላት፤ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 6 ደግሞ ቤተሰብን በመንግሥት ልዩ ጥበቃ ሥር አድርጋለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጋባዥ ዋስትና ከፈረመ በኋላ ቪዛ ሲከለከል፣ የጎደለው ማስረጃ በስሙ ተጠርቶ በጽሑፍ ይገለጽ። አመልካቹም ያንኑ አሟልቶ ያለ ክስ አንድ ጊዜ እንዲታይለት ይፈቀድ። ይቻላል ወይም አይቻልም የሚል መልስዎን፣ ከነምክንያቱ፣ በይፋ እንዲሰጡን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጀርመን ነዋሪ የሆነች ኢትዮጵያዊት