የሊማሊሞ ጉምና ነጩ አምፖል

በክረምት ደባርቅ ላይ ጉም ሰዓት አይመርጥም። ማለዳ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተነሥቶ ይወጣና ከተማዋን ያለብሳታል፤ ረፋድ ላይ ገለጥ ይላል፤ ፀሐይ ወጣች ሲባል መልሶ ይመጣል። ከጎንደር ተነሥቶ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰላም የነዳ ሾፌር ከደባርቅ ወጣ ብሎ ቁልቁለቱን ሲጀምር ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚያየው ነገር ያጣል። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ገደል ነው፤ ከቀጣዩ ጥምዝ በኋላ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ወደ ረጅም መብራት ነው። ሲያበራው መንገዱ ጭራሽ ይጠፋል፤ ከፊቱ አዲስ አቡጀዲ የተዘረጋ ይመስለዋል።

አቡጀዲውን የዘረጋው መብራቱ ራሱ ነው። ጉም ማለት አየር ላይ የተንሳፈፈ እልፍ አእላፍ የውሃ ጠብታ ነው። ከመኪናው የወጣው ብርሃን መንገዱ ጋ ሳይደርስ እነዚያን ጠብታዎች መትቶ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ብርሃኑ በበረታ ቁጥር የሚመለሰውም ይበረታል። ስለዚህ በጉም ውስጥ ጥያቄው መብራቱ ምን ያህል ያበራል ሳይሆን ብርሃኑ የት ይወድቃል የሚለው ነው። መንገዱ ላይ ዝቅ ብሎ የወደቀ ደካማ ብርሃን፣ ከፍ ብሎ ጉሙን ከሚመታ ብርቱ ብርሃን ይልቅ ያሳያል።

ገበያው ግን የሚሸጠው ብርታትን ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አንሥቶ እስከ ክፍለ አገር መለዋወጫ ሱቆች ድረስ፣ መብራቱ ደከመብኝ ብሎ ለሚመጣ ሾፌር ቶሎ የሚወጣለት ዕቃ ነጩ የኤልኢዲ አምፖል ነው። ካርቶኑ ላይ 6000 ወይም 6500 ኬልቪን ይላል። አንዳንዱ 20,000 ሉመን ብሎ ይጽፋል። አንድ ኤልኢዲ በየዋቱ የሚሰጠው ብርሃን በመቶ ሉመን አካባቢ ስለሚቆጠር፣ 40 ዋት የሚበላ አምፖል ጥቂት ሺህ ሉመን ቢሰጥ ነው፤ 20,000 የሚለው ቁጥር ለካርቶኑ ማስጌጫ የተጻፈ ነው። የሆነ ሆኖ አምፖሉ ተገዝቶ ይገባል፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሲበራ ዓይን ያጥበረብራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። በደረቅ ሌሊት፣ በቀጥታ አስፋልት ላይ ደስታው ይቀጥል ይሆናል። ለወገራና ለሰሜን ተራሮች ክረምት ግን ይህ የተሳሳተ ግዢ ነው።

ኬልቪን የብርሃኑን መልክ እንጂ ጉልበቱን አይለካም። የተለመደው ሃሎጅን አምፖል 3200 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ እንደ ሻማ ባይሆንም ሞቅ ያለ ቢጫ አለበት። ቁጥሩ ወደ 6000 ሲጠጋ ብርሃኑ ይነጣል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሰማያዊ ይቀላቀልበታል። ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ዓይንን ይበልጥ ያውካል፤ ዕድሜው ለገፋ ሾፌር ደግሞ ጭራሽ ይከብዳል። ሃሎጅን ሆኖ መስታወቱ ሰማያዊ የተቀባውም ከዚህ አይሻልም፤ ቀለሙ ከፊሉን ብርሃን ውጦ ያስቀራል፣ ሾፌሩ በገንዘቡ የሚገዛው ያነሰ ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ቢጫ መብራት ጉም ይበሳል የሚለውን የቆየ እምነት ማንሣት ግድ ነው። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ መኪኖቿ ሁሉ ቢጫ የፊት መብራት እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዳ ነበር። ዕውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ የጉም ጠብታ ስፋቱ ከብርሃን ሞገድ ብዙ አሥር እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ሰማያዊውንም ቢጫውንም ያለ አድልዎ ይበትነዋል። ሰማይን ሰማያዊ የሚያደርገው ሕግ ለጥቃቅን የአየር ቅንጣቶች እንጂ ለጉም አይሠራም። ቢጫ ጥቅሙ ከጠብታው ጋር ሳይሆን ከዓይን ጋር ነው፤ የሚመለሰው ብርሃን ያን ያህል አያስጨንቅም። ስለዚህ ቢጫ የጭጋግ መብራት የገጠመ ሾፌር አልተሳሳተም፤ ቢጫው ጉሙን ይገፍልኛል ብሎ ፍጥነት የጨመረ ግን ተሳስቷል።

አሁን አንድ አምፖል በእጅ ይዞ ማየት ይጠቅማል። ኤች 4 የሚባለው በአገራችን ሚኒባስና ፒክአፕ ላይ በብዛት ያለ ነው። በትንሿ መስታወት ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር መብራት። ከአጭሩ ክር ሥር የጥፍር ያህል የምትሆን የብረት ኩባያ አለች። ሥራዋ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን መከልከል ነው፤ ያ ብርሃን ታች ያለውን አንጸባራቂ ቢነካ ኖሮ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሙና ወደ መጪው ሾፌር ዓይን ይሄድ ነበር። የመብራቱ ቤት በሙሉ የተቀረጸው ክሩ በዚያች ቦታ ላይ ይሆናል ተብሎ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ ቢል የብርሃኑ ቅርጽ ይበላሻል። በዚህ ቤት ውስጥ የሚገባው የኤልኢዲ አምፖል ክር የለውም፤ በሁለት ጎኑ የተለጠፉ ጠፍጣፋ ቺፖች ናቸው የሚያበሩት። ብዙዎቹ ቺፖች ከክሩ ቦታና መጠን ጋር አይገጥሙም። ውጤቱ የተበታተነ ብርሃን ነው፤ ለጉም የከፋው ደግሞ እሱ ነው።

ይህን ማለት ኤልኢዲ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከፋብሪካው ለኤልኢዲ ተብሎ የተሠራ መብራት ብርሃኑን በሥርዓት ያስቀምጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የሚመጡት አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። ጀርመንም ብትሆን በአሮጌ የሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚገባ ኤልኢዲ በመንገድ ላይ እንዲሠራ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ያውም አንድ በአንድ ተመርምረው ባለፉ የመኪና ሞዴሎች ላይ ብቻ።

ከደባርቅ ወደ በየዳ የሚወስደው መንገድ ሌላ ፈተና ያመጣል። በሳንካበርና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ወደ ጃናሞራና ወደ ድል ይብዛ ይዘልቃል። ብርዱ ጽኑ ነው፤ በረዶ ሲዘንብ መንገዱ ላይ ይጋገራል። ሃሎጅን አምፖል ኃይሉን አብዛኛውን የሚያባክነው በሙቀት ስለሆነ የመብራቱን ሽፋን ያሞቀዋል፤ የተለጠፈበት በረዶም ሟሙቶ ይወርዳል። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው ስለሆነ ፊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በረዶው እንደተለጠፈ ይቆያል። በበጋ ደግሞ አቧራው አለ። ከኋላ ትንሽ ማራገቢያ ያለው ኤልኢዲ ማራገቢያው አቧራ ሲይዘው ይግልና ይደክማል። ጠጠር መንገድ ሃሎጅንንም አይምርም፤ ንዝረቱ ክሩን ይበጥሰዋል። በተለይ ከመደበኛው አብልጦ ያበራል ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሃሎጅን ብርሃኑን የሚያገኘው ዕድሜውን ሰውቶ ነውና፣ ለዚህ መንገድ አይመከርም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? በ12 ቮልት ለሚሠራ መኪና መደበኛው 60/55 ዋት ሃሎጅን፣ በ24 ቮልት ለሚሠራ የጭነት መኪና 75/70 ዋት፣ በታወቀ አምራች የተሠራ፣ መስታወቱ ያልተቀባ። ሲቀየር ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። መስታወቱ በጣት አይነካ፤ የእጅ ቅባት አምፖሉ ሲግል አንድ ቦታ ላይ እንዲቃጠል ያደርገዋል፣ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ይያዝ። 100 ዋት የሚሉትን ማስገባት ደግሞ ገመዱንና ሶኬቱን ማቅለጥ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከአምፖሉ አይደለም። የብዙ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ የፀሐይ ጨረር ያደበዝዘዋል፣ በደጋ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። ዳባት ገበያ ዳር የቆመን አሮጌ ሚኒባስ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው መብራቱ እንደ አረጀ ቀንድ ቢጫ ሆኖ ያገኘዋል። በዚያ ሽፋን ውስጥ የትኛውም አምፖል ቢገባ ብርሃኑ ተበታትኖ ነው የሚወጣው። በቀጭን የብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ታሽቶ፣ ተወልውሎ፣ መከላከያ ሲቀባ የሚገኘው ለውጥ ከአዲስ አምፖል ይበልጣል። ገመዱም ይታይ። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት ከሚገባው በአንድ አሥረኛ ቢያንስ የብርሃኑ ሲሶ የሚጠጋ ይጠፋል። የዛገ ሶኬትና የላላ የመሬት ገመድ ያለበት መኪና ሾፌር አምፖል ደከመ እያለ ሲቀይር ይኖራል።

ከሁሉ የሚብሰው አቅጣጫው ነው። ገብስና ድንች እስከ ጣራው የጫነ አይሱዙ የኋላ ባሌስትራው ሲተኛ አፍንጫው ይነሣል፤ አጭር መብራቱም ረጅም ሆኖ ቁጭ ይላል። ብዙ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ዳሽቦርዳቸው ላይ ከ0 እስከ 3 የተቆጠረች ትንሽ መዘውር አለቻቸው። ጭነት ሲጫን ቁጥሯን ከፍ ማድረግ መብራቱን ዝቅ ያደርገዋል። ይህችን መዘውር ነክቶ የማያውቅ ሾፌር ስንት እንደሆነ ማንም ሾፌሮቹን ጠይቆ ሊረዳ ይችላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መኪናውን በደልዳላ መሬት፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ማቆም። የአምፖሉን ከፍታ ከመሬት ለክቶ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ማስመር። አጭር መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፤ በቀኝ በኩል ብቻ ትንሽ ቢነሣ ልክ ነው፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ የተሠራ ነውና። የሚነሣው በግራ ከሆነ መብራቱ በግራ ከሚነዳ አገር የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ አገር ናት፤ እንዲህ ያለው መብራት በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ የመጪውን ሾፌር ዓይን ያውራል። በሊማሊሞ ለጊዜው ዓይኑ የታወረ ሰው የሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ብቻ ነው።

የጭጋግ መብራት ከፓራውልቱ ሥር የሚገጠመው ለጌጥ አይደለም። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከሾፌሩ ዓይን ስለሚርቅም የሚመለሰው ያንሳል። ጣሪያ ላይ የሚደረደረው ፓውዛ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ በዓይኑ ልክ ያለውን ጉም ነው የሚያበራው። ላንድክሩዘሩ በደረቅ ሌሊት በረሃ ቢያቋርጥበት ይጠቅመው ይሆናል፤ ሳንካበር ላይ ግን ይጥፋ። በጉም ውስጥ እየነዱ ሁለቱንም ፍሬቻ ማብራትም ይቅር። ከኋላ ያለው ሾፌር መኪናው ቆሟል ወይስ ይሄዳል፣ ይታጠፋል ወይስ አይታጠፍም የሚለውን ማወቅ አይችልም። አጭር መብራት፣ ከጥምዙ በፊት ክላክስ፣ ከዚያ ፍጥነት መቀነስ። በእርጥብ አስፋልት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥና መኪናው እስኪቆም 50 ሜትር ያህል ይፈጃል። 30 ከሆነ 20 ሜትር ይበቃዋል። ሊማሊሞ ላይ ጉሙ ሲጠና 50 ሜትር የሚያሳይ አምፖል አልተሠራም።

መኪኖች በየዓመቱ ቦሎ ለማደስ የቴክኒክ ምርመራ ያልፋሉ። ምርመራው መብራቱ በራ አልበራ ከሚለው አልፎ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚወድቅ በመሣሪያ መለካት አለበት፤ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ያስገባ፣ ጠርዙ የተበታተነ መኪናም አስተካክሎ እስኪመለስ ድረስ ማለፍ የለበትም። የዞንና የወረዳ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶችም ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ ደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ግድግዳ ኖራ ቀብተው፣ መስመር አስምረው፣ ለሾፌሩ ሁሉ ክፍት ቢያደርጉት ወጪው የአንድ ባልዲ ቀለም ነው። እስከዚያው ድረስ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሁሉ ደባርቅ ላይ አምስት ደቂቃ ይቁም፤ የመብራቱን ጭቃ ይጥረግ፣ መዘውሯን ይይ፣ ረጅም መብራቱን ያጥፋ።