«ለአላህ ብለህ ሣልልን»



የካ ውስጥ፣ ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከመግሪብ በኋላ ልጆች አንድ ስልክ ከበው ቶምና ጄሪን ሲያዩ እናገኛቸዋለን። እኛም በእነሱ ዕድሜ ያየነው ይህንኑ ነው። ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ አስተርጓሚ ሳይፈልግ እዚህ የደረሰው ለዚህ ነው።

ድመቱን ማን ሣለው? ሃናና ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 114 አጫጭር ፊልሞች አወጡ። ፊልሞቹ 7 ኦስካር ሲያገኙ መድረክ ላይ ወጥቶ የተቀበለው ፕሮዲዩሰሩ ፍሬድ ክዊምቢ ነበር። እንቅስቃሴውን በእጃቸው የሣሉትን ኬኔት ሚውዝን፣ አይርቨን ስፔንስንና ኤድ ባርጅን ከመካከላችን ማን ያውቃቸዋል?

ሥራው ቀላል አይደለም። በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል ቢያገለግል እንኳ ለሰከንድ 12፣ ለሁለት ደቂቃ 1,440 ሥዕል ይፈልጋል። ዛሬ ኮምፒውተር ብዙ ያግዛል፤ ቢሆንም አንገት ደፍቶ ማደሩ አልቀረም።

እዚሁ አዲስ አበባም መተዳደሪያ ሆኗል። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ድርጅት አቋቁማ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ለልጆች አደረሰች። ቀጭኔዋን የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ኋላም «ጥበብ ገርልስ» የተባለው አኒሜሽን መጣ።

እኛስ? ረመዳን ሲቃረብ ሥዕል የሚችል ወጣት ይጠራል። «ለመድረሳ ልጆች ዉዱእ የሚያስተምር አጭር ካርቱን ሥራልን፤ አጅሩን ከአላህ ታገኛለህ» ይባላል። ለድንኳኑ ይከፈላል፣ ለድምፅ ማጉያው ይከፈላል። ልጁ ግን ሁለት ሳምንት አድሮበት ስሙ እንኳ ሳይጻፍ ይሸኛል። ለአላህ ብሎ መሥራት የሠሪው ኒያ ነው እንጂ የአሠሪው ትእዛዝ አይደለም። ስለ ሠራተኛ ላብ የተነገረውን ሐዲስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ነፍስ ያለውን ነገር መሣል ላይ ዑለማዎች እንደሚለያዩ እናውቃለን፤ ጥያቄ ያለው ሳያዝ በፊት ኡስታዙን ይጠይቅ። ሥራውን ከተረከብን በኋላ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ብቻ ይህን ማንሣት ግን ያሳፍራል (ሲደረግ አይተናል)።

ለመጪው ረመዳን ካርቱን ያሰበ ጀመዓ ካለ ከወዲሁ ዋጋ ይነጋገር፤ ግማሹን ቀብድ ይስጥ፤ መጨረሻው ላይ የልጁን ስም ያስጽፍ። ሸዕባን ከተጋመሰ በኋላ የሚደውል ግን 1,440ውን ራሱ ይሣል።