ያልተነበበውን መልእክት ማገድ፦ ፋየርዎሎች የመረጃ እሽጎችን በርዝመታቸው ሲለዩ

የታሸገ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስተኛ ቃሉን ባያነብም ክብደቱን መገመት አያዳግተውም። የኢንተርኔት ግንኙነትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ምሥጠራ የመልእክቱን ይዘት ይሰውራል፤ መልእክቱ ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው ፓኬት የሚባሉት የመረጃ እሽጎች ስንት ባይት እንደሆኑ ግን በሚያልፉበት ኔትወርክ ሁሉ ይታያል። ገቢና ወጪውን የሚፈትሸው ፋየርዎልም ይህን ርዝመት መለያ አድርጎ እንዲያሳልፍ ወይም እንዲያግድ ሊታዘዝ ይችላል።

ስልቱ በራሱ የአፈና መሣሪያ አይደለም። በአውሮፓውያኑ ጥር 2003 "ስላመር" የተሰኘው የኮምፒውተር ትል በ10 ደቂቃ ገደማ ለጥቃት የተጋለጡትን አብዛኞቹን ሰርቨሮች ሲያዳርስ፣ የተሰራጨበት እሽግ ርዝመት 404 ባይት ነበር። ወደ 1434ኛው ፖርት የሚያመራና ይህ ርዝመት ያለው እሽግ እንዲጣል ማዘዝ፣ ሌላውን አገልግሎት ብዙ ሳያውኩ ትሉን ለመግታት ያስችላል። የሊኑክስ ፋየርዎሎች እንዲህ ያለውን ሕግ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይቀበላሉ።

ያው ሕግ ግን ለሌላ ዓላማም ይውላል። ዋየርጋርድ የተሰኘው የቪፒኤን ስልት ግንኙነት ሲጀምር የሚልከው መልእክት 148 ባይት፣ ምላሹ ደግሞ 92 ባይት ነው። ምሥጢሩን መፍታት ለማይችል ፈታሽም እነዚህ ቁጥሮች እንደ አሻራ ያገለግሉታል። በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የቻይና ፋየርዎል "ሻዶሶክስ" የተባለውን የማለፊያ መሣሪያ የሚጠረጥረው በመጀመሪያው እሽግ ርዝመትና በይዘቱ የዘፈቀደነት መጠን ነው። ሆኖም ጥናቱ በተካሄደበት ወቅት በጥርጣሬው ብቻ አያግድም ነበር፤ ለማረጋገጥ ራሱ ወደ ሰርቨሩ መፈተኛ መልእክት ይልክ ነበር።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካ ሩቅ አይደለም። በ2012 ቶር የተሰኘው የማንነት መሰወሪያ አገልግሎት በኢትዮጵያ በጥልቅ የእሽግ ፍተሻ መታገዱን አዘጋጆቹ አስታውቀው ነበር፤ ያኔ መለያ የሆነው ርዝመቱ ሳይሆን የግንኙነቱ አጀማመር ነው። ኡጋንዳ ከጥር 2021 ምርጫዋ ዋዜማ ማኅበራዊ ሚዲያን ዘግታለች። በኢትዮጵያም ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙዎች ወደ ቪፒኤን ፊታቸውን አዙረዋል።

በርዝመት ማገድ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ጅምላዊ ነው። 148 ባይት የሆነ እሽግ ሁሉ ቪፒኤን አይደለም፤ ቪፒኤን የሚጠቀምም ሁሉ እገዳ የሚሸሽ አይደለም። ባንኮች ቅርንጫፎቻቸውን፣ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን የሚያገናኙት በተመሳሳይ ስልት ነው። ሳያረጋግጥ የሚያግድ ኔትወርክ ንጹሑንም አብሮ ይቀጣል።

መከላከያው በእሽጉ ላይ ትርጉም የለሽ ባይቶችን ጨምሮ ርዝመቱን መለዋወጥ ነው። ይህ ግን ዋጋ አለው፤ የተጨመረው ባይት ከተጠቃሚው የኢንተርኔት ጥቅል ላይ ይቀነሳል። ዳታ በሜጋባይት ተሰልቶ በሚሸጥበት አካባቢ የምሥጢራዊነትን ወጪ የሚሸፍነው ባለ ስልኩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የተጠያቂነት ጥያቄ ነው። አንድ ድረ ገጽ በስሙ ሲታገድ ተጠቃሚው የተከለከለውን ያውቃል፤ መሟገትም ይችላል። በርዝመት የሚያግድ ሕግ ግን ስም አይጠራም፤ ለተጠቃሚው የሚታየው የተቋረጠ ግንኙነት ብቻ ነው። የኔትወርክ ብልሽት ይሁን የመንግሥት ውሳኔ መለየት ካልቻለ፣ አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብም አያውቅም።