ጋዝ አያልቅም፤ ይወጣል እንጂ!



እንደሚታወቀው ድሬዳዋ የሙቀት አገር ናት። ግንቦትና ሰኔ በገቡ ቁጥር ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ማታም ቢሆን ብሎኬቱና ቆርቆሮው ቀን የጠጡትን ወላፈን መልሰው እየተፉ እንቅልፍ ይነሳሉ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ የከዚራን ቤቶች የሠሩ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበርና ግድግዳውን አወፈሩ፣ ጣሪያውን ከፍ አደረጉ፣ በረንዳ አወጡ፣ ዛፍ ተከሉ። ዛሬ ግን መሬቱም ሲሚንቶውም ውድ ሆነና የአብዛኛው ሰው ቤት ስስ ግድግዳና ዝቅ ያለ ጣሪያ ነው። ስለዚህም ኤሲ የሀብታም ጌጥ መሆኑ ቀርቷል። አራስ ላለችበት፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት ያለበት አዛውንት ለሚኖርበት ቤት የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ሆኗል። ሰውም እቁብ ጥሎ፣ ከውጭ አገር ዘመድ አስልኮ ይገዛዋል።

ይገዛውና ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ዓመት ቤቱ ይቀዘቅዛል። በሁለተኛው ዓመት «ትንሽ ደከመ» ይባላል። ገጣሚው ይጠራል፤ መለኪያውን ሰክቶ ያይና «ጋዝ አልቋል» ይላል። ይሞላል፣ ይከፈለዋል። በሦስተኛው ዓመት እንደገና «ጋዝ አልቋል»። በአራተኛው ዓመት ኮምፕሬሰሩ ይቃጠላል። የዚያን ጊዜ ባለቤቱ «ድሮም የቻይና ዕቃ!» ብሎ ዕቃውን ይረግማል፤ ነጋዴው ደግሞ «የድሬ መብራት ነው ያቃጠለው» ብሎ መብራቱን ይረግማል። ሁሉም የሚረግመው አያጣም፤ ሥራው እንዴት ተሠራ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ማኅበራችን በዚህ ጽሑፍ ሊናገር የፈለገው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት በአብዛኛው የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከገጠማው ነው፤ የገጠማው ጉድለት ደግሞ ከገጣሚው እጅ ይልቅ ከአከፋፈሉ ይመነጫል። የማይታየው ሥራ አይከፈልበትም፤ ስለማይከፈልበትም አይሠራም። ነገሩን በየተራ እናስረዳ።

ጋዝ እንደ ነዳጅ አይደለም

ብዙ ሰው የኤሲን ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ያየዋል፤ ሲሠራ እየተቃጠለ የሚያልቅ ይመስለዋል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። ጋዙ በመዳብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ የሚዞር ነው። ቤት ውስጥ ባለው ክፍል ሲያልፍ ተንኖ የቤቱን ሙቀት ይወስዳል፤ ወደ ውጭው ክፍል ሲሄድ በኮምፕሬሰሩ ተጨምቆ ሙቀቱን ደጅ ይጥልና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። በደንብ ከተዘጋ ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ ያው ጋዝ ይበቃዋል። እንግዲህ ጋዝ ጎደለ ማለት በአንድ ቀዳዳ ወጣ ማለት ነው። ቀዳዳውን ፈልጎ ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በተቀደደ ባልዲ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። በየዓመቱ ጋዝ የሚያስሞላ ሰው የአንድ ቀን ችኮላን ዕዳ በየዓመቱ እየከፈለ ነው።

ቀዳዳው ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከመገጣጠሚያው ነው። የቱቦው አፍ በራሱ መቁረጫ በቀጥታ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ጸድቶ፣ በመሣሪያ እንደ ጥሩምባ አፍ መስፋት አለበት። በብረት መጋዝ ከተቆረጠ ፍቅፋቂው ውስጥ ይገባል፤ አፉ ተጣሞ ከሰፋ አይገጥምም። ብሎኑ ከላላ ጋዝ ያስወጣል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ መዳቡን ይሰነጥቀዋል። አምራቹ የጥብቀቱን ልክ በመመሪያው ጽፎታል፤ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍም አለ። ነገር ግን ብዙ ቦታ ልኩ «ክንዴ ይነግረኛል» ነው። በአሮጌው ጋዝ በአር 22 ዘመን እንዲህ ያለው ድክመት አንዳንዴ ይታለፍ ነበር። አር 22 የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። የተተካው አር 410ኤ ግፊቱ ከአር 22 በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል። አሁን በአዳዲሶቹ ዕቃዎች የሚመጣው አር 32 ደግሞ በመጠኑም ቢሆን የሚቀጣጠል ነው። ጋዙ ተለውጧል፤ አገጣጠሙ ግን የትናንቱ ነው።

የማይታየው ግማሽ ሰዓት

ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ውስጡ አየር አለ፤ አየሩም እርጥበት ይዟል። ይህ ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ቱቦው ከረዘመም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ጠፍቶ መለኪያው እየታየ ይጠበቃል። መርፌው ከቦታው ካልተነቃነቀ መገጣጠሚያው ደህና ነው፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቫኪዩም በአንድ ጊዜ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፤ ያደርቃልም፣ ይመሰክራልም።

ቸኩሎ የሚሠራው ሰው ምን ያደርጋል? ቫልቩን ትንሽ ይከፍትና በዕቃው በራሱ ጋዝ አየሩን ገፍቶ ያስወጣል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ዓይነት ጋዙም ከመጀመሪያው ቀን ይጎድላል፣ እርጥበቱም እዚያው ይቀራል። እርጥበቱ ከኮምፕሬሰሩ ዘይት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም የሞተሩን ጥቅል ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ኮምፕሬሰሩ የሚሞተው ግን በዚያው ቀን አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። የዚያን ጊዜ ገጣሚውን ማን ያስታውሰዋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን አፍሳሹ ሌላ፣ ለቃሚው ሌላ ነው።

ከብልሽት የከፋው አደጋ

እስካሁን ያልነው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመብራቱ ነገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ በ220 ቮልት መስመር ላይ አንድ ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ትልልቆቹ ከዚያ በላይ። ይህን የሚሸከመው ከሳጥኑ ለብቻው የተሳበ፣ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መስመር ነው። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ቅርብ ካለው ሶኬት በቀጭን ሽቦ ይሳባል፤ በዚያው መስመር ላይ ፍሪጅና ካውያ አለ። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ «አያስፈልግም» ተብሎ ተቆርጦ ይጣላል። በሰፈራችን አንድ ቤት ሶኬቱ ቀልጦ መጋረጃ እስከ ማያያዝ ደርሶ ነበር፤ ጎረቤት ደርሶ ዋናውን ማጥፊያ ባያወርደው ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ይሆን ነበር። የመሬት ሽቦ በሌለው የውጭ ክፍል አጠገብ እግሩን ያረጠበ ሕፃን ቢጫወትስ? ይህን «ምን ችግር አለው» ብሎ ማለፍ ወንጀል ነው።

አሰቃቀሉም እንዲሁ ነው። የውጭው ክፍል ሙቀቱን የሚጥልበት ሰፊ አየር ይፈልጋል፤ በተዘጋ በረንዳ ወይም ግድግዳ ላይ ተጠብቆ ከተሰቀለ የራሱን ወላፈን መልሶ እየጠጣ ይሠራል። ብዙ መብራት ይበላል፣ ያነሰ ያቀዘቅዛል። የውሃው ጎማ ያለ ቁልቁለት ከተዘረጋ ውሃው ወደ ቤት ተመልሶ ግድግዳውን ያበሰብሳል። በሁለት ብሎን ብቻ ብሎኬት ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ በሥሩ በሚያልፍ ሰው አናት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ልጆቹ ሰነፎች ናቸው?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች «ሙያተኛ የለም፤ የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይሉናል። ይህን አንቀበልም። በድሬ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ትራፓኖ ይዞ የሚውል ልጅ ሰነፍ አይባልም። ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሱቁ በር ላይ «ገጠማ በነጻ!» የሚል ተለጥፏል። በነጻ የሚባል ነገር የለም። የገጠማው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ውስጥ ተቆንጥሮ፣ እጅግ አንሶ፣ ለገጣሚው በዕቃ ቁጥር ይከፈለዋል። እንግዲህ ሁለት ገጣሚዎችን እናስብ። አንደኛው መገጣጠሚያውን በልኩ ያጠብቃል፣ ቫኪዩም ያደርጋል፣ በሳሙና አረፋ ይፈትሻል፣ ለብቻው መስመር ይስባል። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሁለተኛው ይህን ሁሉ ዘሎ በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ለሁለቱም በአንድ ዕቃ የሚከፈላቸው እኩል ነው። ማታ ሲመሽ ሁለተኛው ከአንደኛው በእጥፍ ሰቅሏል፣ በእጥፍም ተከፍሎታል።

ባለቤቱ ደግሞ ምን ያያል? ሁለቱም ሲያስረክቡ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። እጁን ፊቱ ላይ ያደርግና «አቦ፣ በረዶ ነው!» ብሎ ይፈርማል። በዚያች ደቂቃ በጥሩውና በመጥፎው ሥራ መካከል ምንም ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ ቱቦው ውስጥና ግድግዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃው ገጣሚ በጥንቃቄው ይቀጣል፤ ከዓመት በኋላ ወይ ሙያውን ይተዋል ወይ መቸኮልን ይለምዳል። ማንም ክፉ ሥራ ሥራ ብሎ አላዘዘውም፤ አከፋፈሉ ግን አስተምሮታል። ነጋዴው በበኩሉ ዕቃው ቶሎ ቢሞት ሌላ ይሸጣል፤ ጋዝ ሻጩም በየዓመቱ ጋዝ ይሸጣል። ከዚህ ሁሉ መሐል የሚከስረው ነዋሪው ብቻ ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው «በነጻ» ነው።

«የብቃት ማረጋገጫ ያለውን እንቅጠር» የሚሉ አሉ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለው ከሌለው ይመረጣል። ነገር ግን ወረቀቱ ሰውዬው መሥራት እንደሚችል እንጂ በእናንተ ቤት በትክክል እንደሠራ አይመሰክርም። «ዋስትና አለን» የሚሉም አሉ። ወረቀቱን አውጥታችሁ አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ በገጠማ ጉድለት የመጣ ብልሽት አይሸፈንም ይላል። «ውድ ገጣሚ ጠራሁ» ማለትም ብቻውን አያድንም፤ ያልታየ ሥራ በውድ ዋጋም ሊዘለል ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ የማይታየውን ሥራ እንዲታይ ማድረግና እንደሚገባው መክፈል ነው። ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ. የዕቃው ዋጋና የገጠማው ዋጋ ተለይቶ ይጻፍ። «በነጻ» የሚለውን ነጋዴ «ገጠማውን ተወውና ከዋጋው ቀንስልኝ» በሉት፤ ያን ጊዜ ገጣሚውን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

2ኛ. ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ይስፈር፤ ቫኪዩም፣ የፍሳሽ ፍተሻ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦ፣ የውሃ ጎማው ቁልቁለት፣ የውጭው ክፍል ቦታና ማሰሪያ።

3ኛ. ጋዙ ከመለቀቁ በፊት መለኪያውን አሳየኝ በሉ። ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆሙን ቆማችሁ እዩ። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ባለቤቱ ሥራ ከዋለ ጎረቤት ይቁምለት።

4ኛ. ከገጠማው ክፍያ ከፊሉ እስከ አንድ ወር ይቆይ፤ ይህም አስቀድሞ በስምምነት ይሁን። ከወር በኋላ በሳሙና አረፋ ተፈትሾ ደህና ከሆነ ያለ ጭቅጭቅ ይከፈል።

5ኛ. «ጋዝ አልቋል» ያለ ሁሉ መጀመሪያ ቀዳዳውን ያሳይ። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ አይከፈልበት።

6ኛ. መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቱ ስለሚዋዥቅ፣ ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ መከላከያ ይገጠም።

ከዚህም ሌላ፣ እድር ድንኳንና ድስት ገዝቶ ለአባላቱ እንደሚያውስ ሁሉ፣ ማኅበራችንም አንድ ቫኪዩም ፓምፕና አንድ መለኪያ ከመዋጮ ገዝቶ ለነዋሪው እንዲያውስ የቀረበውን ሐሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እናቀርባለን። «ፓምፕ የለኝም» የሚለው ምክንያት በዚህ ይዘጋል።

ወንድሞቻችን ገጣሚዎች ሆይ! ይህ ጽሑፍ በእናንተ ላይ የተነሣ አይደለም። ከእናንተ መካከል በልኩ የሚሠራውን ልንከፍለውና ስሙን በመልካም ልናነሣው እንፈልጋለን። ለግማሽ ሰዓቱ ዋጋ ጠይቁ፤ እኛም ነዋሪው እንዲከፍላችሁ እናስተባብራለን። ግማሽ ሰዓቱን ሠርታችሁ ግን አሳዩን።

ነዋሪዎች ሆይ! የሚመጣው ግንቦት ሳይደርስ ቤታችሁን ፈትሹ። ሶኬቱ ሲነካ የሚግል፣ ሽቦው የከሳ፣ በየዓመቱ ጋዝ የሚለምን ኤሲ ካለ ለኮሚቴው አስታውቁ።

ሳይለካ አይለቀቅ! ሳይታይ አይፈረም!

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ድሬዳዋ