እሸት በሻንጣ አይመጣም

ከአገር ቤት ሲመለስ ሻንጣውን በሽሮ፣ በበርበሬና በድርቆሽ ያልሞላ አበሻ ፍራንክፈርት ውስጥ አላጋጠመኝም። እኔም ከእነዚያው ነኝ፤ ይህን ልነቅፍ አልተነሣሁም። የማይዋጥልኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውጭ በረዶ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣ፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው ከረጢት እየዘገንን እንበላለን። አገር ቤት እንዲህ አልነበረም። በክረምት የበቆሎ እሸት ከሰል ላይ ይጠበሳል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ የባቄላና የአተር እሸት ይደርሳል፤ በጥምቀት ሰሞን የሽምብራ እሸት ከነቅጠሉ ታስሮ መንገድ ዳር ይሸጣል። «የአገሬ ምግብ ናፈቀኝ» ስንል ግማሹ ናፍቆታችን ይኼ ነው። እሱ ደግሞ በሻንጣ አይመጣም። ስለዚህ ያለንበትን አገር እሸት ብንፈልግ ይሻለናል ባይ ነኝ።

ጀርመን ለዚህ የሚመች አገር ነው። ሕዝቡ የወቅት ምግብ ሲመጣ እብደት ቢጤ ይይዘዋል። ስፓርገል የሚሉት ነጭ አስፓራገስ ሚያዝያ ላይ ብቅ ሲል በየመንገዱ ዳስ ይጣልለታል፣ ምግብ ቤቶችም የራሱን ሜኑ ያወጡለታል። ከዚያ በእኛ ሰኔ 17፣ እነሱ የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት በሚያከብሩበት ዕለት፣ ቆረጣው ያበቃል። ምክንያቱ በዓሉ ብቻ አይደለም፤ ተክሉ ቅጠል አብቅሎ ለከርሞ የሚሆን ስንቅ ሥሩ ውስጥ ካላጠራቀመ ይደክማል። ነጭ የሆነውም አፈር ተከምሮበት ብርሃን ሳያይ ስለሚያድግ ነው። በእጅ እየተፈለፈለ ይቆረጣል፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚቆርጡትም በብዛት ከሩማንያና ከፖላንድ ለወቅቱ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። ዋጋው የማይቀመስ ቢሆን አይገርምም። ጣዕሙ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የወሬውን ያህል አይደለም። ጀርመኖች የቀለጠ ቅቤ አፍስሰው ይበሉታል፤ እኔ ዘንድ ነፍስ የዘራው በኮረሪማ በተነጠረ ቅቤ ነው።

እኔን ከሁሉ የማረከኝ የእኛ ጾምና የእነሱ ወቅት እንዴት እንደሚገጣጠም ነው። መጋቢት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ሽሮው ሲሰለች፣ ጫካው ቤርላውክ በሚባል ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት በሚሸት ቅጠል ይሞላል። ሽሮው ከእሳት ሊወርድ ሲል ከትፎ ጣል ማድረግ ነው፤ ሌላ ሽሮ ይሆናል። (መርዛማ የሆነ መንታ የሚመስለው ተክል አለና ከጫካ አትልቀሙ፣ ከገበያ ግዙ።) በመከር ሆካይዶ የተባለው ብርቱካንማ ዱባ ይረክሳል፤ ቆዳው ስለሚበላ ልጡኝ አይልም፤ ለነቢያት ጾም ወጥ እሱን የሚያህል የለም። ብርዱ ሲጠና ደግሞ ግሩንኮል ይመጣል። የተሸበሸበ ጎመን ነው፤ ውርጭ ሲያገኘው ይጣፍጣል። በረዶ ቤት የከረመውን ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ጎመን ሠራሁ የሚል ወዳጅ አለኝ። አልፈርድበትም፤ ግን ጥር ላይ ትኩሱን ይሞክር።

ፍራንክፈርት የራሷ የሆነ አንድ ምግብ አላት፤ ግሩነ ዞሰ፣ አረንጓዴው ስጎ። ሰባት ዓይነት ቅጠል በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አብዛኛውም ኦበርራድ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሚበቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን መዝግቦ ከለላ ሰጥቶታል። ጥቅሉን ስፈታ ከጴርሲሌው መሐል ያገኘሁት ማንን መሰላችሁ? ፌጦን። እኛ ፍሬውን ለሆድ ሕመም የምናስቀምጠው ፌጦ እዚህ በለጋ ቅጠሉ ይበላል። ኮምጣጣው ቅጠልም የእምቧጮ ዘመድ ነው፤ ገጠር ያደገ ሰው አፉ ውስጥ ሲገባ ያውቀዋል።

ይህን ስጎ መብላት የሚጀምሩት በልማድ በጸሎተ ሐሙስ ነው። በ2017 ዓ.ም. የእኛም የእነሱም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ ሐሙሱም አንድ ሆነ። እነሱ ቅጠሉን ከኮምጣጣ ክሬምና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ያደርጉታል፤ ለጾመኛ አይሆንም። እኔ በዘይትና በሎሚ አሽቼ፣ ቃሪያ ጨምሬ፣ ከጉልባኑ ጎን አቀረብኩት። እናቴ ብታይ «ጉልባን ከመቼ ወዲህ ነው ሰላጣ የሚያሻው?» ትለኝ ነበር። ባቄላውና ስንዴው ግን ተስማምቶታል።

«ማን ጊዜ አለው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው የሽሮ ዱቄት ባለውለታ ነው፤ አልክድም። ቢሆንም ያው ሰው የሚሳፈርበት ባቡር በገበሬዎች ገበያ ሥር ነው የሚያልፈው። ጀርመን አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ የሰፈሩ ገበሬ በግንቦት ምን እንደሚሸጥ የማያውቅ ወገን ሞልቷል፤ እኔ ይህን የናፍቆት ሳይሆን የቸልተኝነት ጉዳይ አድርጌ ነው የማየው።

በዚህ ከተማ የምትኖሩ፣ ኮንስታብለርቫኸ ላይ የገበሬዎች ገበያ ሐሙስና ቅዳሜ ይቆማል። ዘንቢል ይዛችሁ ውረዱና ሻጩን «ዛሬ የደረሰው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በርበሬው እንደሆነ እቤት አለ።