የሚሞከረውና የማይሞከረው



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ ዋጋና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዘንድሮ አንባቢን ይዤ ወደ ማድ ቤት ልገባ፣ ከዚያም ወጥቼ መስተዋት ፊት ልቆም አስቤአለሁ። የምንበላውም፣ ዳቦ የምንጋግርበትም፣ ፊታችንን የምንቀባውም ነገር ሲገዛ ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «እስቲ ልሞክረው» እንላለን። መሞከር መልካም ነው፤ ሳይሞክሩ ማመን የባሰ ነውና። ነገር ግን ሊጥ የሚሞከርበት መንገድ ፊት የሚሞከርበት መንገድ ሊሆን አይችልም። በበኩሌ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተማሪ፣ ይልቁንም ለሴት ተማሪ፣ በክፍል ከምንማረው ያላነሰ ሊነገር የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ቀላሉን ልያዝ። በየሱቁ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር በውስጡ ሦስት ነገር አለበት፤ ቤኪንግ ሶዳ፣ ደረቅ አሲድና እነዚህን ሁለቱን ከእርጥበት የሚጠብቅ ስታርች ነው። ይህን ዱቄት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አልፍሬድ በርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ሲያወጣው፣ ምክንያቱ ሚስቱ በእርሾ የተነሣ ዳቦ የማይስማማት መሆኑ ነበር ይባላል። ዱቄቱን ውሃ ሲነካው አሲዱና ሶዳው ይገናኙና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣሉ፤ ሊጡን የሚነፋው ይኸው አየር ነው። ከረጢቱ ተከፍቶ ክረምቱን በእርጥበት ውስጥ ከከረመ ግን ማንም ሳያየው ሥራውን እዚያው ይጨርስና ለኛ የሚተርፈን ነጭ አቧራ ብቻ ይሆናል። መሞከሪያውም ቀላል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በብርጭቆ አድርጎ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ነው። ወዲያው ከተንተከተከ ደኅና ነው፤ ዝም ካለ አልቆለታል። ቤኪንግ ሶዳ ለብቻው ሲሆን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ይሞከራል። የዳቦ እርሾ ደግሞ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲቈይ አረፋ ማውጣት አለበት። ውሃው የሚፋጅ ከሆነ ግን እርሾውን ሙከራው ራሱ ይገድለዋልና በእርሾው ላይ የተፈረደው ፍርድ ግፍ ይሆናል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ዳቦው ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ የሚወቀሰው ዱቄቱ አይደለም፤ ጋጋሪዋ ናት። «እጅ የላትም፤ ባልትና አልተማረችም» ትባላለች። ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን ከሦስት ሱቆች ሦስት ከረጢት ገዝቼ በእናቴ ፊት በሦስት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አፈሰስሁባቸው። ሁለቱ እንደ ጠላ ሲፈሉ አንዱ ጸጥ አለ። ጸጥ ያለውን ይዤ ወደ ባለሱቁ ብመለስ፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የዱቄቱ ሳይሆን የእጅሽ ነው» አለኝ። ብርጭቆና ሙቅ ውሃ ከራሱ ሻይ ማፍያ አስቀድቼ እፊቱ ብሞክረው ግን ሣቀና ለወጠልኝ። እንዲህ ያለ ሙከራ ከክርክር ያድናል።

ምላስም ቢሆን በወግ ከተጠየቀ ትክክለኛ መሣሪያ ነው። አያቴ ቡናው ዛሬ የተቈላ ይሁን ትናንት ከአቦሉ ለይቼ አውቃለሁ ይላሉ። ለመጠየቅ የተጠቀምሁበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ሦስት ሲኒ ይቀርባል፤ ሁለቱ አንድ ዐይነት ሲሆኑ አንዱ የተለየ ነው፤ ቀማሹ የተለየውን ያወጣል። እንዲያው በግምት የሚመልስ ሰው ከሦስት አንዱን ጊዜ ያገኘዋል። አያቴ ግን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ሳይሳሳቱ አወጡ፤ በግምት ይህ የሚሆነው ከ27 አንድ ጊዜ ነው። ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1935 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሻዩ ከወተቱ ወይስ ወተቱ ከሻዩ በፊት እንደ ተቀዳ ቀምሼ አውቃለሁ ስላለች ሴት ጽፏል። ስምንት ሲኒ፣ አራቱ በአንደኛው አራቱ በሌላው መንገድ ተቀድተው ቢቀርቡላት፣ አራቱን የሚመርጡበት መንገድ 70 ስለ ሆነ በአጋጣሚ ሁሉንም ማግኘት ከ70 አንድ ጊዜ ነው። አያቴ ይህን ብነግራቸው የደነቃቸው ሒሳቡ ሳይሆን ወተት በሻይ ላይ መጨቃጨቂያ መሆኑ ነው።

ከዚህ አልፎ ግን ዐይንና ምላስ የማይደርሱበት ስፍራ ይጀመራል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ጡብ ዱቄት ተቀላቅሎ ሲሸጥ ይሰማል፤ ይህን ለመለየት ጥቂት በርበሬ በብርጭቆ ውሃ ላይ ሲነሰንሱት የጡቡ ዱቄት ቶሎ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በጣትም ሲያሹት ይሻክራል። በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከተጨመረበት ደግሞ ቀለሙ በውሃው ውስጥ እንደ ክር ሆኖ ሲወርድ ይታያል። ነገር ግን ሱዳን አንድ የተባለው የፋብሪካ ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ ስላልሆነ በብርጭቆ ውሃ አይገኝም። ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር፣ ለምግብም የተከለከለ ቀለም ነው። በ2005 በብሪታንያ ይህ ቀለም ያለበት የበርበሬ ዱቄት በአንድ ስልስ ውስጥ ገብቶ፣ ከስልሱ የተሠሩ ከ400 በላይ ምግቦች ከየሱቁ እንዲሰበሰቡ ሆኗል። ያን ሁሉ የበላው ሕዝብ ምላስ አልነበረውም ማለት አይደለም።

ጄሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚለውን ወሬም በየጊዜው እንሰማለን። አንዳንድ ሰዎች ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ካልፈላ ንጹሕ ነው ይላሉ። ይህ የተሳሳተ ምክር ነው። ሎሚ ሲነካው የሚፈላው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ጄሶ በኬሚስትሪ ሌላ ነገር ስለ ሆነ ሎሚ ቢያፈሱበትም ዝም ይላል። ማርን በክብሪት ለኵሶ ወይም በውሃ ጠብ አድርጎ መፈተንም እንደዚሁ ነው፤ የንጹሕ ማር ውሃነት ከማር ማር ስለሚለያይ ፍርዱ አይታመንም። የአዮዲን ጠብታ ስታርች ያለበትን ሁሉ ጥቁር ሰማያዊ ያደርጋል፤ ወተት ውስጥ ዱቄት መግባቱን በዚህ እናውቃለን። ነገር ግን ደኅናው ቤኪንግ ፓውደርም ስታርች ስላለበት ይጠቍራል፤ ስለዚህ አዮዲኑን ብቻ አይቶ «ይህ ተበርዟል» የሚል ሰው ንጹሑን ነጋዴ ሊከስ ይችላል።

አሁን ወደ መስተዋቱ እንሂድ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚያ ነው። በመካከላችን ፊት የሚያቀላ ክሬም የሚቀቡ ልጃገረዶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ክሬሙ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንዷም ለሌላዋ «ሞክሪው፤ በሁለት ሳምንት ታይዋለሽ» ትላታለች። የሚያሳዝነው ነገር ብዙ ጊዜ እውነቷን መሆኑ ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ የሜርኩሪ ጨው አለባቸው፤ ሜርኩሪም ቆዳ ሜላኒን የተባለውን ቀለሙን እንዳይሠራ ስለሚያግድ ፊቱ በእርግጥ ይቀላል። በዚያው ጊዜ ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኵላሊትን ይጎዳል፤ ኵላሊት ደግሞ ሲጎዳ በመስተዋት አይታይም። ከተቀባውም ቆዳ በእንፋሎት ስለሚወጣና በፎጣ ስለሚተላለፍ፣ ያልተቀቡት የቤት ልጆች ጭምር ይደርሳቸዋል። ሃይድሮኪኖን የተባለው ሌላው መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ሊያነጣው የታሰበውን ቆዳ መልሶ ሰማያዊ የሚመስል ጥቍረት ሊያለብሰው ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ በ1990 ከመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ያገደችው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብስ አታላይ ነው። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉት የቆዳ መድኃኒቶች ለበሽተኛ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ ሲሆኑ ለማቅያ ይሸጣሉ። ቆዳውን እያሳሱ ይሄዳሉ፤ ሲተዉአቸውም ፊቱ ይቈጣል፣ ብጕርም ያወጣል። ልጅቱም «ስተወው ባሰብኝ» ብላ ወደ ብልቃጡ ትመለሳለች። በራስዋ ላይ ሙከራ አድርጋለች፤ ውጤቱንም በዐይኗ አይታለች፤ ከሙከራዋም ያገኘችው ትምህርት ከእውነቱ ተቃራኒ ነው። የቤኪንግ ፓውደር ሙከራ እውነቱን በአንድ ደቂቃ ይናገራል፤ የክሬም ሙከራ ግን ደስ የሚለውን አስቀድሞ ክፉውን ለኋላ ያቈያል። ስለዚህ «ሞክሬ አየሁት» የሚለው ቃል ለዳቦ ምስክር ሲሆን ለእንደዚህ ያለ ክሬም ምስክር አይሆንም እላለሁ።

ታዲያ ሰው ሳይሞክር እንዴት ይታወቃል የሚል ይኖራል። በ1902 በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ዋና ኬሚስት የነበረው ሐርቪ ዋይሊ፣ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመሩትን እንደ ቦራክስ ያሉ ነገሮች ለማወቅ ዐሥራ ሁለት ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስቀምጦ እያበላ ፈተናቸው። ሲበሉ ይመዘን ነበር፤ ሐኪምም ይመረምራቸው ነበር፤ የሆነውም ሁሉ ይጻፍ ነበር። ሥራው በ1906 በዚያ አገር ለወጣው የምግብና የመድኃኒት ሕግ ረድቷል። እንዲያ ያለውን ሙከራ እንኳ ዛሬ የሚፈቅድ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። መኝታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን የምትቀባ ልጅ ግን መዛኝም፣ መርማሪም፣ ጸሓፊም የላትም።

ሌሎች ደግሞ «ከውጭ አገር የመጣ ውድ ዕቃ ነው» ይሉኛል። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ እናንብበዋ! ካሎሜል፣ ሜርኩሪየስ ክሎራይድ ወይም ሜርኩሪዮ የሚል ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው። አንዳንዱም ወርቅ፣ ብርና አሉሚኒየም አይንካው ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሜርኩሪ ከእነዚህ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ለእናቴ ቀለበት የማይሆን ለጕንጬ እንዴት ይሆናል? ምንም ያልተጻፈበትም ብልቃጥ ቢሆን ከዚህ ይሻላል ማለት አይደለም። ክሬሙን ከዐረብ አገር የላከችው አክስት ከሆነች፣ ስጦታ ነውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መቀበልና አለመቀባት ይቻላል። ጥቍር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን የምንጠራቸውም የመልክ ስሞች ናቸው እንጂ የመሰላል ደረጃዎች አይደሉም።

ሁሉንም መዋቢያ እንዳልነቅፍ በወግ የሚሞከረውንም ልናገር። የፀጕር ቀለም ከመቀባት 48 ሰዓት አስቀድሞ ጥቂቱን ከጆሮ ኋላ አድርጎ ማየት በዕቃው ላይ ራሱ ተጽፏል፤ ፓራ ፌኒሊን ዳይአሚን የተባለው ነገር አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ስለሚያሳክክና ስለሚያሳብጥ ነው። ጥቍር ሂና ተብሎ እጅ ላይ በሚሣለው ውስጥም ይህ ነገር ይገኛል። ኩል ደግሞ በብዙ አገር ሲመረመር እርሳስ የተባለው ማዕድን የተገኘበት አለ፤ ይህን ቆዳ ላይ አድርጎ ማወቅ አይቻልም። ስለ ለጋ ቅቤ ግን ታናሽ እኅቴ ግማሽ ራስዋን ቅቤ፣ ግማሹን የሱቅ ቅባት ተቀብታ ሁለት ሳምንት ሞክራለች፤ ልዩነት የተገኘው በመዓዛው ብቻ ነው፤ ንቦችም በየትኛው ወገን እንደ ፈረዱ ታውቃለች።

ሜርኩሪን የሚለይ መሣሪያ በየቤቱ አይገኝም፤ ያ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ሥራ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112/2011 መዋቢያዎችን ጭምር ይመለከታል። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም በ2023 ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በ2025 ፈጽሞ እንዲቀር ወስነዋል። ውሳኔው በወረቀት ላይ ሳለ ክሬሙ በደብተር ቦርሳ ውስጥ እንዳይዞር ግን በትምህርት ቤታችን የምንችለውን እንድናደርግ አሳብ አቀርባለሁ። በወር አንድ ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክበብ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ ተማሪው ከየቤቱ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ እርሾና በርበሬ ያምጣ፤ ውጤቱም የሱቁ ስም ሳይጠራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ክሬም ያላት ልጅ ብልቃጡን ብቻ ይዛ ትምጣ፤ ማንም ሳይሥቅባት ጽሑፉ ከባዮሎጂ መምህራችን ጋር ይነበብላት። ጠረጴዛው አለ፤ አዮዲኑም አለ፤ ውሃ የሚያፈላው ምድጃ ባለፈው ወር ተጠግኗል። የቀረን የቤተ ሙከራውን ቍልፍ ከሰዓት በኋላ የሚይዝልን ሰው ነው።